ጊዜ ያጠረው ወላጅና ጊዜ የሚጠይቀው ውል፦ በልደታ ቤት መሸጥና መግዛት

በአዲስ አበባ አንድ መኖሪያ ቤት ከሻጭ ወደ ገዥ ስም እስኪዛወር ድረስ የመሬት ሕግ፣ የውል ሕግና የቤተሰብ ሕግ ሦስቱም ይመለከቱታል፤ ሦስቱም ባለጉዳዩ በሥራ ሰዓት፣ በአካል፣ ሰነዱን ይዞ፣ ባለትዳር ከሆነም ከትዳር ጓደኛው ጋር እንዲቀርብ ይጠይቃሉ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራ የሚሮጥ፣ ማታ ተመልሶ እራት የሚያሰናዳና የቤት ሥራ የሚያሳይ ወላጅ ግን ከገንዘብ እኩል የሚያጥረው ይኸው የሥራ ሰዓት ነው፤ በመሆኑም ግብይቱን ለማሳጠር ሲል የሚዘላቸው ደረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ የቤተሰቡን መኖሪያ ለመጠበቅ ያቆማቸው ደረጃዎች ሆነው ይገኛሉ። ይህ ዘገባ ጉዳዩን ልደታ ክፍለ ከተማን መነሻ አድርጎ ይመረምራል።

የሰፈሩ ታሪክና የቤቱ ዓይነት

ልደታ ስሙን ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የወሰደ፣ ከሜክሲኮ አደባባይና ከሰንጋ ተራ አንሥቶ በኮካ ኮላ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቅ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ አብነትንና ተክለ ሃይማኖትን የሚያዋስን የመሐል ከተማ ክፍል ነው። የጥቁር አንበሳና የባልቻ ሆስፒታሎች፣ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎቶች የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በመጋቢት 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከአሮጌው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማዋ ቀላል ባቡር ሁለቱ መሥመሮች የሚጋሩት ሐዲድም በልደታ ጣቢያ ያልፋል። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ መሥሪያ ቤትና ባቡር በእግር በሚደረስበት ርቀት መገኘታቸው ሠራተኛ ወላጆች በልደታ ለጠበበ ቤት ከከተማ ዳር ሰፊ ቤት የበለጠ ለመክፈል የሚፈቅዱበትን ምክንያት በከፊል ያስረዳል።

ዛሬ በልደታ ለሽያጭ የሚቀርበው ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት የከተማ መሬት ደንብ የአዲስ አበባ መሬት በግል የሚያዝና የሚሸጥ ሆኖ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የማድረግ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ግን የከተማን መሬት በሙሉ ለመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ፤ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ወርሐዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር አስረከበ። በልደታ የነበሩት የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የቀበሌ ቤት ሆኑ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን ለአሥርት ዓመታት ቢኖርበትና ልጆቹን ቢያሳድግበትም ባለቤቱ ስላልሆነ ሊሸጠው አይችልም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረትም ቤት የሠራ ሰው የሚሸጠው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታ መልሶ ማልማት ፕሮጀክት ከ20 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ነባር ሰፈር አፈረሰ። የቀበሌ ቤት ተከራዮች ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲመርጡ፣ የግል ባለይዞታዎች ደግሞ ካሳና ምትክ ቦታ እንዲያገኙ ተደረገ፤ ከፊሉ ነዋሪ እዚያው በተሠሩት የልደታ ኮንዶሚኒየሞች ሲገባ ከፊሉ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። በዚህ ረገድ ሊካድ የማይገባው ነገር ለዘመናት በአንድ ግቢ ልጆቻቸውን በጋራ ሲጠብቁ የኖሩ ጎረቤቶች መበታተናቸው ነው። ለሥራ የሚወጣ ወላጅ ያለ ክፍያ ያገኘው የነበረ የልጅ ጥበቃ ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ ኪሳራው በየትኛውም የካሳ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ኮንዶሚኒየም የሚባለው በሕጉ የጋራ ሕንፃ ቤት ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቤት የአንድ ሰው የተናጠል ሀብት ሆኖ፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ የእርድና የእንጀራ መጋገሪያ የጋራ ሕንፃው ደግሞ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ሀብት የሚሆንበት ሥርዓት ነው። የሚመራውም በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው፤ አዋጁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋምና አባላቱ ለጋራው ወጪ መዋጮ እንዲከፍሉ ያዛል። በከንቲባ አርከበ እቁባይ ዘመን በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በዕጣ ሲያስተላልፋቸው ከነበሩት ቤቶች 30 በመቶው ለሴቶች የተለየ ነበር። ገዥው 20 በመቶውን ቀድሞ ከፍሎ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የሚያጠናቅቅበት መርሐ ግብር 20/80፣ 40 በመቶውን ቆጥቦ የሚገባበት ደግሞ 40/60 ተብሎ ይጠራል፤ የ40/60 የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ለዕድለኞች የተላለፉትም በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን ከሁለቱ ሳይቶች አንዱ ሰንጋ ተራ ነበር።

በ20/80 ስቱዲዮ የሚባለው ከ20 ካሬ ሜትር ያነሰ፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር እንዲሆን ተነድፎ ነበር። በልደታ ዋነኛውን ሻጭና ገዥ የፈጠረው ይህ ስፋት ነው፤ በወጣትነቱ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ዕጣ የወጣለት ሰው አግብቶ ሁለትና ሦስት ልጆች ሲያፈራ የመጀመሪያውን ቤት ሸጦ ሌላውን ለመግዛት ይነሣል። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ሻጭም ገዥም ነው፤ ሁለቱ ግብይቶች ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ እንዲገጥሙለት ይሻል።

ቅዳሜ ጠዋት በግቢው

ሠራተኛ ወላጅ ቤት የሚያየው ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢዎች ቅዳሜ ጠዋት ልብስ በየገመዱ ይሰጣል፤ ልጆች በቆሙ መኪኖች መካከል ኳስ ይጫወታሉ፤ ቢጫ ጀሪካን የያዙ እናቶች ከታችኛው ቧንቧ ወደ ላይ ይመላለሳሉ። ደላላው ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብሎ ባልና ሚስቱን አስከትሎ ሲወጣ ትንሿ ልጅ በአባቷ ክንድ ላይ ናት፤ አራተኛ ፎቅ ሲደርሱም ማንም ሳይነግራቸው ስለ ቤቱ አንድ ዋና ነገር ያውቃሉ። የ20/80 ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም፤ የልጅ ጋሪ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ አሥር ኪሎ ጤፍና የተኛ ሕፃን በየዕለቱ በዚያ ደረጃ ይወጣሉ።

ደላላው የሚያሳየው አዲስ የተቀባውን ግድግዳና የተነጠፈውን ሴራሚክ ነው፤ ልምድ ያላት እናት ግን መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍታለች፣ የውኃ ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነና ውኃው እስከዚህ ፎቅ በራሱ ግፊት ይደርስ እንደሆነ ጎረቤት አንኳኩታ ትጠይቃለች፣ የመስኮቱን ብረትና የበረንዳውን አጥር ቁመት በልጇ ልክ ትለካለች። ሕንፃው ከሐዲዱ ወይም ከዋናው መንገድ በኩል ከሆነ ሕፃን በቀን የሚተኛበት ክፍል በየትኛው ወገን እንዳለ ታስተውላለች። ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው፣ መጠየቅ ግን ያለበት ጉዳይ የማኅበሩ መዋጮ ነው፤ ሻጩ ለዓመታት ያልከፈለው መዋጮ ቁልፉን በተረከበው ገዥ ላይ ጥያቄ ሆኖ ይመጣልና።

ደላላ በአዲስ አበባ የቤት ገበያ የማይቀር ሰው ሲሆን፣ በልማድ ከሻጭና ከገዥ ከየአንዳንዳቸው የዋጋውን ሁለት በመቶ ኮሚሽን ይጠይቃል። ጊዜ ለሌለው ወላጅ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ አሥር ቤት ከማየት ሦስቱን መርጦ ያቀርባል፣ ቀጠሮ ያስይዛል፣ ሻጭና ገዥን ያቀራርባል። ይሁን እንጂ ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ በመሆኑ ፍላጎቱ ግብይቱ እንዲፋጠን ነው፤ «ሌላ ገዥ መጥቷል፣ ዛሬ ቀብድ ካልተከፈለ ያመልጣል» የሚለው ንግግርም የሚመነጨው ከዚህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ንግግሩ እውነት ነው፤ እውነት ሲሆንም እንኳ በመሬት ጽሕፈት ቤት ያለው የቤቱ ፋይል ሳይታይ ገንዘብ ለመክፈል በቂ ምክንያት አይሆንም።

ቀብድና የመንደር ውል

ቀብድ ዋናው ውል ከመፈጸሙ በፊት ለማጽኛ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ባሉት ድንጋጌዎች እንደሚለው ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ድንጋጌው ሁለቱንም ወገኖች እኩል የሚይዝ ይመስላል፤ በተግባር ግን ማታ ከሥራ መልስ በካፌ ጠረጴዛ ላይ ቀብድ የሚከፍለው ወላጅ የሻጩን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ኦርጅናል አይቶት አያውቅም፣ ቤቱ በባንክ መያዣ ይሁን በፍርድ ቤት እግድ አላጣራም፣ የሻጩን የትዳር ጓደኛ አላገኘም። እግድ ማለት ክርክር ባለበት ንብረት ላይ ፍርድ ቤት ወይም ሌላ ሥልጣን ያለው አካል ስም እንዳይዛወር የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። እንዲህ ያለው እክል ከቀብዱ በኋላ ቢገኝ ገዥው እጥፍ የመጠየቅ መብት አለው፤ መብቱን ለማስፈጸም ግን ችሎት መመላለስ አለበት፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ለመቆጠብ የፈለገውን ጊዜ ብዙ እጥፍ አድርጎ ይወስድበታል።

ከቀብዱ የባሰው የመንደር ውል ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ሻጭና ገዥ በሦስት ምስክሮች ፊት በወረቀት ጽፈው የሚፈራረሙት፣ በሥልጣን ባለው አካል ፊት ያልጸደቀ ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ መሆኑን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን ይጠይቃል፤ አንቀጽ 2878 በበኩሉ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገኖች ላይ እንደማይጸና ያስቀምጣል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 የሰጠው ትርጓሜ የአንቀጽ 1723 ሥርዓት ሊታለፍ የማይችል መሆኑን አጸና፤ የችሎቱ ትርጓሜ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 454/1997፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለሆነ፣ በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ክርክሩ ባይቋረጥም ለተራው ገዥ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ ገብቶ፣ ልጆቹን አሳድጎበትም ውሉ ሊፈርስበት ይችላል።

በኮንዶሚኒየም ገበያ ውስጥ ይህን አደጋ ያበዛው አንድ ተጨማሪ ገደብ አለ። በዕጣ የተላለፈ ቤት ዕድለኛው ከተረከበበት ጊዜ አንሥቶ አምስት ዓመት ሳይሞላው በሽያጭም ሆነ በስጦታ እንዳይተላለፍ ተከልክሏል። ዓላማው ለችግረኛ ነዋሪ የተሠራው ቤት ወዲያው የነጋዴ ሸቀጥ እንዳይሆን ነበር፤ ውጤቱ ግን ሽያጩን ማቆም ሳይሆን ወደ ጓዳ ማስገባት ሆነ። ሻጩ ለገዥው የውክልና ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ለተከፈለው ዋጋ ደግሞ የብድር ውል ይጻፋል፤ ጊዜው ሲደርስ ስም አዛውርልሃለሁ ይባላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ የውክልና ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ልዩ ውክልናም ቢኖር እንኳ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፣ ወካዩ ሲሞትም ያበቃል። አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ሻጩ ቢሞት ገዥው የሚገናኘው ውሉን ከማያውቁ ወራሾች ጋር ነው፤ ወራሾቹም ሕፃናት ሊሆኑ ይችላሉ። በሁለቱም ወገን ልጆች የሚጎዱበት ይህ ልማድ በጊዜ ማጣት ሊመካኝ የሚገባው አይደለም።

ሁለት ፊርማ

የቤተሰብ ሕጉ ለዚህ ጉዳይ ካሉት ድንጋጌዎች አንዱ ብቻ ቢታወስ አንቀጽ 68 ሊሆን ይገባዋል። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት፣ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱ ስምምነት እንዲያስፈልግ ያዝዛል። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታልና። ስምምነቱን ያልሰጠው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንደሚችል አንቀጽ 69 ይደነግጋል። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ሻጭን የጋብቻ ወይም ያላገባ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎች ሳያውቁት የሚያልፉት ደግሞ ሳይጋቡ አብሮ የመኖር ጉዳይ ነው። ሕጉ ይህን «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይለዋል፤ አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ በገንዘብ የተገኘው ንብረት የሁለቱ የጋራ ይሆናል። በሴቶች ድርሻ ዕጣ የወጣላት እናት፣ ብድሩን ከልጇ አባት ጋር እየከፈለች የቆየች፣ ያላገባ ማስረጃ አውጥታ ቤቱን ብትሸጥ ወረቀቱ የተሟላ ይመስላል፤ የክርክር በር ግን አልተዘጋም። በተቃራኒው አባት ብቻውን ፈርሞ የልጆቹን መጠለያ እንዳይሸጥ የሚያግደውም ይኸው ሕግ ነው። ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወይም ወደ ዓረብ አገር የሄደ ተጋቢ ያለበት ቤተሰብ ልዩ ውክልና ቀደም ብሎ ማሰናዳት አለበት፤ ከውጭ አገር የሚላክ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አልፎ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳልና።

ከወላጆቹ አንዱ በሞት ከተለየ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ስለሆኑ የሟቹ ድርሻ የእነርሱ ነው፤ በሕይወት ያለው ወላጅ ሞግዚታቸውና አሳዳሪያቸው ቢሆንም፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የማይንቀሳቀስ ንብረት ድርሻ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሊሸጥ አይችልም። በአዲስ አበባ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ባሏ የሞተባት እናት ኪራይ በረከሰበት ሰፈር ለመኖር ስትል የልደታውን ቤት ልትሸጥ ብትነሣ፣ ሐዘኑ ሳይወጣላት፣ ከሥራዋ ፈቃድ እየጠየቀች ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች ማቅረብ ይኖርባታል። ሥርዓቱ ከባድ ነው፤ ቢሆንም የልጆቹ ድርሻ በዘመድ ግፊትና በአበዳሪ ጥድፊያ እንዳይባክን የሚጠብቀው ሌላ አካል ስለሌለ፣ መቅለል ያለበት አካሄዱ እንጂ ፈቃዱ መቅረት የለበትም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መደበኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 11፡30 ነው፤ በመካከሉ የምሳ ዕረፍት አለ፣ ዓርብ ደግሞ ለጸሎት ዕረፍቱ ይረዝማል። አብዛኛው ሠራተኛ ወላጅ የሚሠራው በዚሁ ሰዓት ነው። በሰነዶች ማረጋገጫ ቅርንጫፎች በማለዳ የሚታየው ሰልፍም ይህን ይመሰክራል፤ ከሥራ አስፈቅዶ የወጣ አባት ስልኩን ደጋግሞ ያያል፣ ሕፃን በጀርባዋ ያዘለች እናት ፎቶ ኮፒ ፍለጋ ወደ ውጭ ትወጣለች፣ ደላላው በሻጩና በገዥው መካከል ይመላለሳል፣ አንድ ወረቀት የጎደለበት ሰው ለሌላ ቀን ይቀጠራል።

ከዚህ አገልግሎት በፊት የክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ፋይሉ የሚገኘው በዚያ ነው። በሕዝብ ዘንድ ካርታ የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ በሐሰት ሊሠራ ይችላል፤ ፋይሉ ግን የይዞታውን ታሪክ፣ ዕዳውን፣ እግዱንና ያልተከፈለ ግብሩን ይናገራል። የኮንዶሚኒየም ብድር ካልተጠናቀቀ ቤቱ በባንኩ መያዣ ውስጥ ስለሆነ ስሙ አይዛወርም፤ ገዥው የሻጩን ቀሪ ብድር በቅድሚያ ለመሸፈን ከተስማማም ገንዘቡን በሻጩ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለብድሩ ሒሳብ ገቢ ማድረግ ይሻለዋል። ይዞታው ኮንዶሚኒየም ሳይሆን ግቢ ያለው ነባር ቤት ከሆነ ደግሞ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት በሊዝ ሥርዓት ይያዛል። ሊዝ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥ የመሬት የመጠቀም መብት ሲሆን ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው።

ወጪውም አብሮ ሊሰላ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የንብረት ስም ዝውውር የዋጋው ሁለት በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይከፈልበታል፤ በልማድ አሹራ የሚባለው የስም ማዛወሪያ ክፍያና ሌሎችም ከዚያ ላይ ይጨመራሉ። ይህን ለመቀነስ ሲሉ ብዙዎች በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ያጽፋሉ፤ ውሉ ቢፈርስ ግን ገዥው የሚያስረዳው የተጻፈውን ዋጋ ነው፤ ይህም ልጆቹ የሚኖሩበትን ቤት ለጥቂት ቀረጥ ሲል አስይዞ እንደ መቆመር ነው።

የሥራ ክፍፍል እዚህ ላይ ይረዳል። ፋይል ማስመርመር፣ ከዕዳ ነፃ መሆንን የሚያሳይ ክሊራንስ ማስወጣት፣ የባንክ ደብዳቤ መቀበል የሁለቱን ተጋቢዎች መገኘት የግድ አይጠይቁም፤ ሥራው በሚፈቅድለት በአንዱ፣ ወይም በተወሰነ ውክልና በታመነ ዘመድ ሊሠሩ ይችላሉ። የሁለቱ መገኘት ለፊርማው ቀን ይቀመጥ፤ በዚያ ቀንም ክፍያው በሲፒኦ ቢሆን ይመረጣል። ሲፒኦ ባንኩ የገዥውን ገንዘብ ቀድሞ ይዞ በስሙ ለተጻፈለት ሰው ብቻ የሚከፍለው የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ ነው። በብዙ አገሮች የሽያጩ ገንዘብ ስም እስኪዛወር ድረስ በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጣል፤ በአዲስ አበባ ይህ ልማድ ስላልተስፋፋ ፊርማና ሲፒኦ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት ቅጽበት የሁለቱም ወገን ዋና ዋስትና ሆኖ ይኖራል።

በሁለት ቤቶች መካከል

አንዱን ሸጦ ሌላውን ለሚገዛ ቤተሰብ አስጨናቂው ጊዜ በመካከሉ ያለው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በፍጥነት ሲረክስ፣ ገንዘብን በቤት መልክ ማኖር የሚፈልገው በዛ፤ ሻጭም ዋጋ ይጨምራል ብሎ ቤቱን ያዘ። ብሔራዊ ባንክ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲወስን፣ ከዚያም ጣሪያውን ከፍ ቢያደርገውም፣ የቤት ብድር የሚያገኝ ደመወዝተኛ አነሰ። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጎህ ቤቶች ባንክ ለቤት ብድር ተለይቶ የተቋቋመ የመጀመሪያው የግል ባንክ ቢሆንም፣ የአብዛኛው ቤተሰብ ግዢ አሁንም በቁጠባ፣ በዕቁብ፣ በዘመድ ብድርና በሸጠው ቤት ዋጋ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የሸጠው ቤተሰብ ገንዘቡን በባንክ ይዞ ሁለት ወር ቢዘገይ የሚገዛው ቤት ዋጋ ሊያመልጠው ይችላል፤ ፈርቶ ቢጣደፍ ደግሞ ያልተጣራ ቤት ላይ ይወድቃል።

ለዚህ የሚሻለው መንገድ በሽያጭ ውሉ ላይ የመልቀቂያ ቀን በግልጽ ማስቀመጥ፣ የዋጋውንም የተወሰነ ክፍል እስከዚያ ቀን ማቆየት ነው፤ ቤተሰቡ ለመሸጋገሪያ ለመከራየት ቢገደድ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ መደንገጉን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ወቅቱም ይቆጠራል። ትምህርት ቤቶች ልጅን የሚመዘግቡት በክረምት፣ ትምህርት የሚጀምሩትም በመስከረም ስለሆነ፣ መልቀቂያና የውጤት ካርድ ይዞ ሰፈር ለመቀየር ምቹው ጊዜ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ነው፤ ጥር ላይ የሚደረግ ዝውውር ልጁን በዓመቱ መካከል ከጓደኞቹ ይለያል፣ ወላጁንም ለወራት ከአዲሱ ቤት ወደ አሮጌው ትምህርት ቤት ያመላልሰዋል። ከዕድር መውጣትና አዲስ ዕድር መግባትም ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ የመግቢያው ክፍያ በየሰፈሩ ይለያያል፣ ደራሽ ጎረቤት ማግኘት ግን ከክፍያው በላይ ጊዜ ይፈልጋል።

የከተማው አስተዳደርና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሊያደርጉት የሚገባው ብዙ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ባለጉዳይ በየቢሮው እንዳይንከራተት የታሰበ ጥሩ ጅምር ነው፤ የመሬት ፋይል ምርመራ፣ የዕዳና የእግድ ማጣሪያ፣ የጋብቻ ማስረጃና የውል ማጽደቅ በአንድ ሥፍራ ተገናኝተው፣ ቢያንስ ቅዳሜ ግማሽ ቀን በቀጠሮ ቢሰጡ፣ ሠራተኛ ወላጆችን ወደ መንደር ውል የሚገፋው ዋና ምክንያት ይወገዳል። ያ እስኪሆን ድረስ በልደታም ሆነ በሌላው ክፍለ ከተማ ቤት ለመግዛት የተነሡ እናቶችና አባቶች ከሥራቸው የሚያገኙትን የመጀመሪያ የፈቃድ ቀን ለፋይሉ ምርመራ ያውሉት፤ ቀብዱም ከዚያ በኋላ ይከፈል።